ገብስማው ባለቤት አለው

የእትዬ አስካለን ማረፍ የሰማሁት መቱ ገበያ ውስጥ፣ እሳቸው ቦታ ላይ ተቀምጬ የእሳቸውኑ ዶሮዎች ስሸጥ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሰዉ መሀል ስትመጣ ከሩቅ አየኋትና ገና አፏን ሳትከፍት ገባኝ። በእጄ አንዲት ቀይ ቄብ ይዣለሁ። ፊቴ ቁጢጥ ያለችው ገዢ "ኧረ ቀንሺልኝ፣ ምነው ዛሬስ ጨከንሽ" ማለት መጀመሯ ነበር። እኔ ምኑን ልከራከር፣ "ውሰጃት፣ በፈለግሽው ውሰጃት" ብዬ ቄቧን ጭኗ ላይ ጥዬላት ተነሳሁ። ያደረግኩት ነገር ትዝ ያለኝ ለቅሶ ቤቱ ከደረስኩ በኋላ ነው። እትዬ አስካለ ቆመው ቢያዩኝ ኖሮ ከመሞታቸው ይልቅ እሱ ነበር የሚያናድዳቸው። ያለ ክርክር ዶሮ ሸጬ!

መቱ ውስጥ እሳቸውን የሚያውቅ ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳው ክርክራቸውን ነው። "ከአስካለ ዶሮ የገዛ ሰው ችሎት ቢቆም አይረታም" ይባል ነበር። አጭር፣ ጠይም፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሴት ነበሩ። አባታቸው ከሰሜን በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት መቱ ስለሆነ፣ አማርኛው ሲያጥርባቸው በኦሮምኛ፣ ኦሮምኛው ሲያጥርባቸው በአማርኛ ይቀጥላሉ። ባላቸው በጣሊያን ጊዜ ጫካ ገብቶ እንደወጣ ቀረ። ልጅም አልነበራቸውም። የነበራቸው ከቤታቸው ጀርባ ያለች ጓሮ፣ ጥቂት የቡና እግርና ዶሮ ነው። ዶሮው በዝቶ ቆጡ ሲጠብ ትርፉን ገበያ ያወጡታል፤ የሚኖሩትም በሱ ነበር።

እኔ መቱ የገባሁት ጣሊያን ወጥቶ ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ባሌ ለጽሕፈት ሥራ ተመድቦ፣ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ነው። ትልልቆቹ ሹማምንት ያን ጊዜ ጎሬ ነበሩ። መቱ ጭቃና ገበያ ነበረች። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ጭቃው ጫማዬን እንዳይነካው እየዘለልኩ ዶሮ ተራ ደረስኩና እትዬ አስካለ ፊት ቆምኩ።

"ይሄኛው ስንት ነው?" አልኳቸው አንዱን ወፍራም ዶሮ እያሳየሁ።

"ብር።"

ቦርሳዬን ከፈትኩ። እሳቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩኝ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልከፍል ነዋ።"

"አልሸጥልሽም።"

"ለምን?"

"መች ተከራከርሽኝ?"

ያደግኩበት ቤት ለዶሮ ብሎ ገበያ መሀል መጯጯህ ነውር ነበር። "እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ነኝ" አልኳቸው። ዛሬ ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። እሳቸው ግን ፈገግም ሳይሉ "እንግዲያው የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ዶሮ አትበላም" አሉና ፊታቸውን ወደ ሌላ ገዢ አዞሩ። ዶሮ ተራው በሙሉ ሳቀብኝ። በቁጣ እየነደድኩ ቤቴ ገብቼ ለባሌ ብነግረው እሱም ጭራሽ ሳቀ። "ተመለሺና ተከራከሪያቸዋ" አለኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ተመለስኩ። ዶሮው ያው ነው፣ ዋጋውም ያው፣ ብር። ዙሪያዬን አየሁና በተሰበረ ድምፅ "ስሙኒ" አልኩ።

የእትዬ አስካለ ፊት እንዴት እንደበራ! "ስሙኒ? ይህን ለሚያህል ዶሮ ስሙኒ? ምነው የኔ እመቤት፣ ጫጩት መሰለሽ እንዴ! ዳብሺው እስቲ ደረቱን፣ አትፍሪ፣ ዳብሺው!" እኔም ዳበስኩት፣ ከሳ አልኩ፣ እግሩን ያነክሳል አልኩ፣ የሌለ ነገር ሁሉ አወራሁ። እሳቸው ሲጮሁ እኔ ስጮህ በመጨረሻ በሽልንግ ተስማማን። ሽልንጓን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። በእጅ አይቀበሉም ነበር። ትንሽ አይተው አይተው አነሷትና መዳፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ሁለት እንቁላል መርቀው ጨመሩልኝ።

"አየሽ" አሉኝ፣ "አሁን ዋጋ ሆነ። ዋጋ ሁለት አፍ ይፈልጋል፣ ልጄ። አንድ አፍ ብቻውን የቆረጠው ዋጋ ዋጋ አይደለም።"

እንዲህ ነው የተዋወቅነው። ቤታችን ተቀራራቢ ስለነበር እየዋለ እያደር ጓሮዬን በእሳቸው ዶሮ ዘር ሞሉልኝ። ቀጥሎ ትርፌን ይዤ አጠገባቸው መቀመጥ ጀመርኩ። ባሌ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። የቤት ወጪው ሲቀልለት ቅሬታው አብሮ ቀለለ።

እሳቸው ለአንድ ዶሮ ዋጋ ሲያወጡ ማየት ደስ ይል ነበር። ከገበያው ዋዜማ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ እያነሱ ያዋራሉ። "አንቺ እንቁላልሽን ስለምትበዪ ለወጥ ነሽ። አንቺ ገና ቄብ ነሽ፣ ቤት የምታቆሚ፣ ላንቺስ ትንሽ እጠራብሻለሁ። አንተ ደግሞ ከወንድምህ ጋር ስትዋጋ ጓሮውን ልታፈርሰው ነው፣ ውጣልኝ!" ክረምት ሳይገባ፣ የዶሮው በሽታ ፈንግል ሳይጀምር ትርፉን መሸጥ ነው ይላሉ። ፈንግል ከጀመረ በኋላ ግን አንዲት ዶሮ አያወጡም፤ "ነገ የሚሞት ነገር ሸጬ የሰው ጓሮ ላራግፍ?" ይሉ ነበር። የዶሮውን ጉድለት ራሳቸው ለገዢው ይናገራሉ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ስለ ዋጋው ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይጮሃሉ። ይህ ነገር መጀመሪያ ላይ ግራ ይገባኝ ነበር። ሌሎቹ ሻጮች ያሟቸዋል። እሳቸው ዶሮውን በላባው መልክ ዋጋ አይለዩም፤ ነጭም ሆነ ቀይ ሥጋውንና ዕድሜውን አይተው ነው የሚጠሩት። "አስካለ ገበያውን አበላሸችው" ይላሉ ሻጮቹ።

አንድ ነገር ግን ያስፈራቸው ነበር። ዝም ያለ ገዢ። አንድ ቀን ከገጠር የመጣች ሴት ዋጋ ጠይቃ፣ ነግረዋት፣ "እሺ" አለች። በቃ፣ እሺ። እትዬ አስካለ ፊታቸው አመድ ሆነ። ከተቀመጡበት ተነስተው የሴቲቱን ክንድ ያዙ። "ለምን እሺ አልሽ? ምን ሆነሻል? ቤትሽ የታመመ አለ?" ይሏታል። ሴትዮዋ ደንግጣ፣ ጆሮዋ በደንብ እንደማይሰማና ዋጋውን በቅጡ እንዳልሰማች አስረዳች። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን ተቀምጠው ረጅም ጊዜ መዳፋቸውን ሲጠርጉ ነበር። እኔም አልሳቅኩም።

ሌላው ገብስማው ነው።

ሁልጊዜ ገበያ ሲወጡ አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ አብሮ ይወጣል። የላባው ነጭና ጥቁር እንደ ተደባለቀ ጥሬ ነው፣ ያማረ ዶሮ። ከሌሎቹ ጋር አያስሩትም፤ በገመድ ከራሳቸው ቁርጭምጭሚት ጋር ነው የሚያስሩት። የጠየቀ ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ "ባለቤት አለው።" አንድ የጎሬ ቡና ነጋዴ ለፋሲካ ፈልጎት ዋጋውን እየከመረ ሄዶ ሄዶ በሬ የሚገዛበት ደረጃ ሊደርስ ምንም አልቀረው። "ባለቤት አለው አልኩህ እኮ፣ ሰው አይደለህም?" ብለው አባረሩት። ሲያረጅ ልጁን ይተኩበታል። አንዱን ሸለመጥማጥ ሲበላባቸው እንደ ሰው አለቀሱለት፤ ከወንድሞቹ መሀል ሌላ ገብስማ እስኪያድግ ድረስ ገበያም አልወጡም።

ስለት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን "ለየትኛው ታቦት ነው የተሳሉት?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ለታቦት ቢሆንማ ስንት ጊዜ በደረሰ" አሉኝ።

ባለቤቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። በየገበያው አንድ ጎልማሳ ሰው በፊታችን ያልፋል። ቀጭን፣ ሸማው ንጹህ፣ ሲራመድ ቀስ የሚል። ሲያየን ለሰላምታ ዝቅ ብሎ "አካም ጅርቱ፣ እትዬ" ይላል፤ እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ከፍ ብለው፣ ገመዱን ከእግራቸው ሊፈቱ ጎንበስ ይላሉ። እሱ ግን አይቆምም። ሄዶ ከሌላ ሴት እንቁላል ሲገዛ፣ ሲከራከር እንሰማዋለን። እሳቸው ጆሯቸውን አቁመው እስከ መጨረሻው ያዳምጡታል። አንድ ጊዜ "አሁንስ በደንብ ተከራከረ" ብለው ለራሳቸው ሲናገሩ ሰማሁ።

ማን እንደሆነ የነገሩኝ ዝናብ ገበያውን በበተነበት ቀን፣ አንድ ሱቅ ጣራ ሥር ተጠልለን፣ ገብስማው ነጠላቸው ውስጥ ተሸጉጦ ነው።

"ተርፋሳ ይባላል። ከኖፓ ነው" አሉኝ። "አንቺ ሳትመጪ፣ ጣሊያን የወጣ ሰሞን፣ ያኔ ዕድሜው ካሁኑ ካንቺ አይበልጥም። ልጁ ታማበት ጎሬ ሐኪም ዘንድ ሊወስዳት ተነስቶ እዚህ መቱ ዘመድ ቤት አድሯል። ብሊሌ ነው ስሟ። እናቱ አብራቸው መጥታ ነበር። እናትየው አዋቂ ጠይቃ ኖሮ፣ ገብስማ አውራ ዶሮ በራሷ ላይ ሳይዞር ይህቺ ልጅ ውሃ አትሻገርም ብላ በሩ ላይ ተኛችበት። በሩ ላይ! ረግጧት ይለፍ? እናቱ ናት። ተርፋሳ ዶሮ ፍለጋ ወጣ። እኔ ይህን ሁሉ መች አውቄ። እኔ የሰማሁት 'ገብስማ አለዎት?' ሲለኝ ነው። ዶሮን በመልኩ የሚጠይቅ ሰው አዋቂ የላከው ነው፤ አይተውሽም። ያኔ ገበያው ሁሉ ለእንዲህ ያለው ሰው ዋጋ ይሰቅልበት ነበር። እኔም ሁለት ብር አልኩት።"

"ሁለት ብር!" አልኩ ሳላስበው። በሽልንግ የሚሄድ ዶሮ ነው እኮ።

"እንዲከራከረኝ ነዋ!" ጮኹ። ጣራው ሥር የተጠለለው ሰው ዞር ብሎ አየን። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንዲከራከረኝ ነው። እሱ ስሙኒ ይለኛል፣ እኔ ብር ተኩል እላለሁ። ትቶኝ ሊሄድ ይነሳል፣ እጠራዋለሁ። በሽልንግ ይወስደዋል። ገበያ እንዲህ አይደል? ማነው የመጀመሪያውን ዋጋ ዋጋ ነው የሚል? እሱ ግን ምንም አላለም። ከወገቡ ፈታና ሁለት ብር እጄ ላይ አኖረ። 'ቆይ እንጂ' ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ምላሴ ላይ ነበር። እጄ ግን ተዘጋ።"

ዝናቡ እየበረታ ነበር። ገብስማው አንገቱን ከነጠላው አውጥቶ መልሶ ሸጎጠ።

"ለመኪና የያዘው ብር ነው የሰጠኝ። ወደ ጎሬ የሚወጣው የቡና መኪና ሾፌር የቀረህ አይበቃም አለው። ዶሮው ዞረ፣ እናትየው ከበሩ ተነሳች፣ እሱ ልጁን አቅፎ በእግሩ መንገድ ገባ። የጎሬ ዳገት ላይ፣ ከተማው ከላይ እየታየው..." ቀሪውን አልጨረሱትም።

"ማን ነገረዎት?"

"ራሱ። በሚቀጥለው ገበያ ጨው ሊገዛ መጣ፤ ራሱን ተላጭቷል። አጠገቤ የምትሸጠዋ ሴት ምን አገኘህ ብላ ጠየቀችው፤ ልጄን ቀበርኩ ብሎ ነገራት። እኔን አላየኝም። ብሩ ገና ነጠላዬ ጫፍ ላይ እንደተቋጠረ ነበርና ይዤ ከኋላው ሮጥኩ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'እትዬ፣ እርስዎ ምን አጠፉ? ዋጋ ተናገሩ፣ እኔ አልተከራከርኩም። ያጠፋው አፌ ነው' አለኝ። ብሩንም አልነካው። አንቺ ልጅ፣ ቢሰድበኝ ምናለበት? ቢመታኝ ምናለበት?"

"ንስሐ አልገቡም?" አልኳቸው።

"ገባሁ እንጂ። ጾምኩ፣ ሰገድኩ። የነፍስ አባቴ እግዜር ይቅር ብሎሻል አሉኝ። እግዜርማ ይቅር ይበል፣ እሱ ልማዱ ነው። ተርፋሳስ?"

ይህን ሲሉ ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። ያኔ ገበያው ሁሉ ያደርገው የነበረውን ነገር ነው እሳቸውም ያደረጉት። የተቀጡበት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ቀጪውም ራሳቸው ናቸው።

በሚቀጥለው መስቀል ገብስማውን ይዘን ኖፓ እንውረድ አሉኝ። "በስጦታ ብሰጠው ምን ይለኛል? በዓል ነው" አሉ። እኔም አብሬ ሄድኩ። ጠዋት ተነስተን፣ መንገዱ አደይ በአደይ ሆኖ፣ እሳቸው ዶሮውን ብብታቸው ሥር ይዘው እንደ ሙሽራ አጃቢ እየተጣደፉ ደረስን።

ተርፋሳ ከአጥሩ ወጥቶ ተቀበለን። ወገቡን ጎንበስ አድርጎ፣ ዝቅ ብሎ እጃቸውን ሳመ። ሚስቱ በርጩማ አቀረበች፣ ማር ከነእንጀራው፣ እርጎም መጣ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ጦጣ ጥፋት አወራን። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለእትዬ አስካለ ይቀላቸው ነበር። በሩ ሥር ዓይናቸው የጠፋ አንዲት አሮጊት መቃኑን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እናቱ ናቸው። ሲገቡም ሲወጡም ሰው እግራቸውን ተሻግሮ ያልፋል። ከዚያ ቦታ ተነሱ ቢባሉ እንደማይነሱ ሚስቱ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

ያኔ ነው ገብስማው ደጅ ሆኖ የጮኸው።

አሮጊቷ ቀና አሉ። "ተርፋሳ" አሉ በኦሮምኛ፣ እንደ ጤነኛ ሰው፣ ጥርት ባለ ድምፅ። "ዶሮው መጣ? በል እንግዲህ፣ ልጅቷን ውሰዳት፤ እኔ ልነሳልህ።" ግድግዳውን እየዳበሱ ሊነሱ ሞከሩ።

እትዬ አስካለ እርጎውን እንደያዙ ቀሩ። ተርፋሳ ሄዶ እናቱን ትከሻቸውን ይዞ መልሶ አስቀመጣቸው። "ገና አልመጣም፣ እማዬ" አላቸው። የሚያባብለው እንደ ሕፃን ነበር። እንዲህ ሲላቸው የመጀመሪያው እንዳልነበረ ያስታውቃል።

ስንወጣ ዶሮውን ራሱ ይዞ እስከ አጥሩ ሸኘን። እዚያ ሲደርስ እትዬ አስካለ እጅ ላይ መልሶ አኖረው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። በነጻ አልወስደውም፤ በነጻ ከወሰድኩት በሁለት ብር የገዛሁት ያኛው ምን ሊሆን ነው? ልግዛው ብልም ዋጋውን መጠየቅ አልችልም። እርስዎ ፊት ስደርስ አፌ አይከፈትም" አላቸው። ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል።

"ሲከፈትልህ ና" አሉት። "ይጠብቅሃል።"

ዓመት ዓመትን ተካ። ባሌ ጡረታ ወጣ፣ መንገዱ ላይ መኪናው በዛ፣ የዶሮ ዋጋም ወጣ። ተርፋሳ ፂሙ ሸበተ፤ ያልፋል፣ አካም ጅርቱ ይላል፣ አይቆምም። እትዬ አስካለ ሲያረጁ ጎንበስ ብለው ገመዱን መፍታት አቃታቸው፤ እሱ ብቅ ሲል "ፍቺው፣ ፍቺው" እያሉ እኔን ይጎነትሉኛል። እፈታዋለሁ። ሲያልፍ መልሼ አስራለሁ።

በመጨረሻ ታመው ሲተኙ ገበያውን ለእኔ ተዉልኝ። ገብስማውን እንዳትረሺ ከማለት አይቦዝኑም። አንድ ቀን ትራሳቸው አጠገብ አስጠርተው እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀልሎ ነበር።

"እኔ ስሞት ሊመጣ ይችላል" አሉ። "ከመጣ፣ ከጠየቀሽ፣ ሁለት ብር በይው።"

"እትዬ! ምን ነካዎት? እንዴት አድርጌ ነው ለዚያ ሰው ሁለት ብር የምለው? አፌስ እንዴት ይታዘዘኛል?"

"ሁለት ብር በይው አልኩሽ! እኔ ያልኩትን በይው፤ እሱ ያላለውን ይበል።" ሳል ያዛቸው። ሲበርድላቸው ጨመሩ፤ "አደራ፣ እጅሽ እንዳይዘጋ።"

እኔ ገበያ ሳለሁ ነው እንግዲህ ያረፉት። ቀብራቸው ላይ ተርፋሳ ከሰው ጀርባ ቆሞ ነበር። አፈሩ ሲመለስ አቀርቅሮ፣ ማንንም ሳያናግር ሄደ። ሰልስቱ ወጣ፣ ሰባቱ ወጣ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ገብስማውን ከቁርጭምጭሚቴ አስሬ እሳቸው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ቤቴ ልቀመጥ ብዬ ነበር፤ አደራው ግን አላስቀመጠኝም።

ፀሐይ ወደ አናት ስትወጣ መጣ። እንደልማዱ ዝቅ ብሎ ሰላም አለኝ። ከዚያ አለፈ። አለፈ ብዬ ገመዱን ላጠብቅ ሳጎነብስ ጥላው ተመልሶ እጄ ላይ አረፈ።

"እናቴ ባለፈው ክረምት አረፈች" አለኝ። ዓይኑ ዶሮው ላይ ነው። ድምፁ እንደ ዛገ ነገር እየተንቋቋ፣ "ሜቃ?" አለ። ስንት ነው ማለቱ ነው።

በሽልንግ ውሰደው፣ በነጻ ውሰደው፣ ጓሮውንም ጨምረህ ውሰደው ልለው ፈለግኩ። የእትዬ አስካለ ቀላል እጅ ግን እጄን እንደያዘኝ ነበር።

"ሁለት ብር" አልኩት።

ዝም አለ።

እትዬ አስካለ ዕድሜ ልካቸውን ሲሸሹት የኖሩት ዝምታ ይኸው መሆኑ ያኔ ገባኝ። በዙሪያችን ገበያው ይጮሃል፤ እኔና እሱ መሀል ግን ምንም የለም። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ። እኔ እጄን ነጠላዬ ሥር ደበቅኩ። "አምላኬ፣ እንዳይከፍለኝ" አልኩ በሆዴ።

እጁ ወገቡ ላይ ቆመ።

"ማል ጄቴ?" አለ። ምን አልሽ? "ሁለት ብር?" ድምፁ ወጣ። "ለዶሮ? ለአንድ ዶሮ ሁለት ብር? እግዜርን አትፈሩም እናንተ?" ሰዉ ዞር ዞር ማለት ጀመረ። ተርፋሳ ሲጮህ የሰማ ሰው አልነበረም።

"ደረቱን ዳብሰው እስቲ" አልኩት፤ እንባዬ እየወረደ። "የእትዬ አስካለ ጥሬ የበላ ነው።"

"ስሙኒ!"

"ኧረ ምን ሲደረግ! ብር ተኩል።"

"ልጄ ታማለች!" አለ። ጉልበቱን አጥፎ ፊቴ ቁጢጥ አለ። "ልጄ ታማለች፣ ጎሬ ላደርሳት ነው። የመኪና ይቀረኛል። እናቴ በሩ ላይ ተኝታብኛለች። ቀንሱልኝ፣ እትዬ፣ ቀንሱልኝ!"

እትዬ የሚለው እኔን አልነበረም። ዙሪያችን የነበሩት ሻጮች ሽያጫቸውን ትተው ወደ እኛ ዞሩ፤ ገሚሶቹ የድሮውን ነገር ያውቃሉ።

"ብር" አልኩ።

"ቀንሱልኝ።"

"ሽልንግ። በሽልንግ ውሰደው፣ ልጄ፣ ሂድ፣ መኪናው ሳያመልጥህ ሂድ።" ልጄ አልኩት። በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው ልጄ አልኩት፤ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ሽልንጉን መሬት ላይ አስቀመጠ። ገመዱን ከእግሬ ፈታሁና ዶሮውን ሰጠሁት፤ ለምርቃት ሁለት እንቁላል ጨመርኩለት። ተነስቶ ቆመ። ገብስማውን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ እንቁላሎቹን በሌላው እጁ ይዞ፣ ወደ ጎሬ የሚወስደውን መንገድ ብዙ ጊዜ አየ። ፊቱ ይፈታል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ተሰበረ።

"ለካ ይቀንስ ነበር" አለ።